የራግቢ ሊግ 2026 ሊጀመር ነው፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሰላም ቤተሰብ። እንደ አምናው ሁሉ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ለጥያቄ ቁጭ ብያለሁ። የምኖረው ሜልበርን ነው፤ የከተማው ክለብ የስቶርም ደጋፊ ነኝ፤ ይህን እያወቃችሁ ጠይቁ። ሁለት ነገር ላስቀድም። ራግቢ ሊግና ራግቢ ዩኒየን ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው። ከዝግጅት ጨዋታ ተነስታችሁ ደግሞ ዋንጫ አትስጡ፣ ዋንጫም አትንሱ።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ማን ይበላል?
ብሪስቤን የአምናው የአውስትራሊያ ሊግ (ኤንአርኤል) ሻምፒዮን ነው። ከ2021 እስከ 2024 አራት ዋንጫ በተከታታይ የወሰደው ፔንሪዝም ገና አላለቀለትም። ስቶርም ሁሌም አለ። ከዚህ በላይ በደፈናው የምለው የለኝም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ይሄ ኬንያዎች በሰባት ሰው የሚጫወቱት ነው?
አይደለም ወንድሜ። እሱ ዩኒየን ነው። ሊግ 13 ለ13 ነው። ሁለቱ የተለያዩት በ1895 እንግሊዝ፣ ሀደርስፊልድ ውስጥ ነው። የሰሜኖቹ ክለቦች ተጫዋቾቻቸው የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ለጨዋታ ሲወጡ የሚቀርባቸው የቀን ደመወዝ ይካስ ሲሉ የበላዮቹ እምቢ አሉ። እነሱም ጥለው ወጡ። ይህን ጨዋታ የምወደው አንዱ በዚህ ነው፤ የሠራተኛ ልጅ ጨዋታ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሌ «ፕሌይ ዘ ቦል» ትላለህ። ለአዲስ ሰው አስረዳን እስቲ።
ይህን ስለጠየቅህ እግዜር ይስጥህ። አንድ ቡድን ኳስ ሲይዝ ስድስት ጊዜ እስኪያዝ ድረስ መጫወት ይችላል። የተያዘው ተጫዋች ይነሳል፣ ኳሱን መሬት ያስነካል፣ በእግሩ ወደ ኋላ ያንከባልላል። ተከላካዮቹ ደግሞ 10 ሜትር ወደ ኋላ መመለስ አለባቸው። የጨዋታው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ቶሎ ከተነሳ ተከላካዮቹ ገና ወደ ኋላ እየሮጡ ነው፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ ኳሱ አልፏቸዋል። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ግን መስመሩ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው የሚይዙት ሰዎች የሚተኙበት፣ ትከሻውን ወደ መሬት የሚያዞሩት፣ ሲለቁም ቀስ የሚሉት።

የስቶርም ሜዳ ኤኤምአይ ፓርክ ገብቼ ታችኛው ረድፍ ስቀመጥ ኳሱን አላይም። የማየው የእኛውን ሃሪ ግራንትን ነው። ከተያዘው ጓደኛው ኋላ ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ኳሷ ሳትደርሰው ዓይኑ ተከላካዮቹ እግር ላይ ነው። አንዱ ተረከዙ ላይ ከቆመ፣ ወይም ተንፍሶ እጁን ጉልበቱ ላይ ካሳረፈ፣ በዚያ በኩል ይሮጣል። አንድ ግጥሚያ ሙሉ እሱን ብቻ ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ሆኖ ይታያችኋል።

ከ2020 ጀምሮ ተከላካዩ እዚህ ቦታ ላይ ካጠፋ ዳኛው ጨዋታ ሳያስቆም የስድስቱን ቆጠራ እንደ አዲስ ያስጀምራል። ከ2022 እስከ አምና ይህ የሚሠራው አጥቂው ከራሱ የ40 ሜትር መስመር ካለፈ በኋላ ነበር። ዘንድሮ ከ20 ሜትር ጀምሮ ሆኗል። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ሳንባ ያለው ቡድን ይጠቀማል፤ ከባድ ከባድ ሰው የሰበሰበ ቡድን ይጎዳል። እኔ ዘንድሮን የምለካው በዚህ ነው፤ በኮከብ ተጫዋች ስም አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ይበላል?
ከላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቡድናችን ኒውካስል ተጫዋቹን ዲላን ብራውንን አመጣ። ተነሳን ማለት ነው?
የ10 ዓመት ውል ነው፤ 13 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ተብሏል። አምና ግን መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው። አንድ ሰው መሀሉን አያቆምም። በመጀመሪያው ሳምንት ላስ ቬጋስ ላይ ከኖርዝ ኩዊንስላንድ ጋር ሲጫወት እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ቡድኔ የዝግጅት ጨዋታውን በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። አለቀልን?
ምን ብዬ ነበር የጀመርኩት? በዝግጅት ጨዋታ ግማሹ ልጅ ከታዳጊ ቡድን የመጣ ነው። አትፍረዱ።

ጥያቄ (ከብሪስቤን)፦ አምና በፍጻሜው ስለበላናችሁ ምን ትላለህ?
ይገባችኋል እላለሁ። ስቶርም እረፍት ሲወጣ 22 ለ12 ይመራ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ነጥብ እንኳ አላገኘም፤ 26 ለ22 አለቀ። የብሪስቤኑ ሪስ ዋልሽ ግሩም ነበር። ነገር ግን ከእረፍት በኋላ የብሪስቤን ሰዎች እንዴት ቶሎ ቶሎ ይነሱ እንደነበር ደግማችሁ እዩት። የእኛዎቹ ደክመው ነበር። ያን ቀን ከጓደኞቼ ጋር ነበር ያየሁት፤ ቤቱ ጸጥ አለ።

— የሲድኒው፦ ስቶርም ራሱ የሰረቀውን ዋንጫ መልሶ የለ? ምን ያዝናል?
— የፉትስክሬይ ልጅ፦ አሁን ይሄ ከየት መጣ? ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ላባቸውን አፍስሰው ነው ያሸነፉት።
— የሲድኒው፦ ከሚፈቀደው በላይ እየተከፈላቸው ላብ ቢያፈሱስ? ሌላው ክለብ በደመወዝ ጣሪያው ልክ ነበር የሚከፍለው።
— የፉትስክሬይ ልጅ፦ እሱ የአስተዳደሩ ጥፋት ነው። ሌሎቹ ክለቦችስ ንጹሕ ነበሩ?

ልጆች፣ ይብቃ። እኔ ደጋፊው ልናገር። ክለባችን ሁለት መዝገብ ይዞ የደመወዝ ጣሪያውን ጥሷል፤ በ2010 የ2007ና የ2009 ዋንጫዎች ተነጥቀዋል። ቅጣቱ ትክክል ነበር። ጣሪያው ባይኖር ሀብታሙ ሁሉንም ይሰበስብና ኒውካስልን የመሰለ የከሰል ከተማ ተስፋ አይኖረውም። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ጥያቄ (ከፐርዝ)፦ ጋሼ፣ የእኛ አዲሱ ክለብ ቤርስ ዘንድሮ አይገባም እንዴ?
በ2027 ነው። ዘንድሮ 17 ክለብ ነው። ከዘጠና ዓመት በላይ በሊጉ የኖረው የኖርዝ ሲድኒ ቤርስ ስም በእናንተ ከተማ ሊነሳ ነውና ደስ ይበልህ። የፓፑዋ ኒው ጊኒው ቡድን በ2028 ይከተላል።

ጥያቄ (ከሊድስ)፦ ስለ እንግሊዙ ሱፐር ሊግስ?
ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሀል ኬአር አምና ሦስቱንም ዋንጫ ወሰደ። ዘንድሮ ብራድፎርድ፣ ዮርክና ቱሉዝ ገብተው 14 ክለብ ሆኗል። የምለው ይህን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት በማን ልመድብ?
ስለ ውርርድ አልመልስም። ለማንም አልመለስኩም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በእኛ ሰዓት ስንት ላይ ነው?
እዚህ ማታ 2 ሰዓት የሚጀመረው እናንተ ጋ ቀን 6 ሰዓት ነው። ሚያዝያ ግድም እዚህ ሰዓት ሲቀየር 7 ሰዓት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ስቶርም ዘንድሮ ደካማ ነው ይላሉ። እውነት ነው?
ፓፐንሀይዘን ሄዷል። አሶፋ-ሶሎሞናም ሄዷል። ግራንት፣ ሙንስተርና ሂዩዝ ግን አሉ። አሰልጣኙ ቤላሚ በ2003 ቡድኑን ከያዘ ጀምሮ እስከ አምና የመክፈቻ ሳምንት ጨዋታ ተሸንፎ አያውቅም። የሚያሳስበኝ ተጫዋቻችን ኤሊ ካቶዋ ነው። በኖቬምበር ለቶንጋ ሲሰለፍ ጭንቅላቱን ደጋግሞ ተመታ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዘንድሮ አይጫወትም። በጤናው ይመለስልን እንጂ ኳሱ ይቅር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ጓደኞቹ ስለሚጫወቱ እሱም እገባለሁ ብሎ አስጨነቀኝ። አሁን ስለ ካቶዋ ሳነብ ፈራሁ።
እህቴ፣ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ቀን ልምምዳቸውን ቆመሽ እዪ። አሰልጣኙ መያዝ ሲያስተምር ጎንበስ የሚሉት ከወገብ ነው ወይስ ጉልበታቸውን አጥፈው? ጭንቅላታቸውን የት ያደርጋሉ? ጭንቅላት ከሯጩ ዳሌ ጎን፣ ከኋላ በኩል መሆን አለበት፤ ፊት ለፊት መግባት የለበትም። ይህን ደጋግሞ የማያርም አሰልጣኝ ካየሽ ልጁን ይዘሽ ውጪ። መያዝ የሌለበት፣ ከወገብ ላይ ጨርቅ የሚነጠቅበት ዓይነትም አለ፤ በዚያ ቢጀምር ምንም አይጎድልበትም።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ ልጅ በሰፈር ጨዋታ ተመትቶ ወደቀ። ተነሳና «ደህና ነኝ» አለ፤ አስገቡት። ማታ ቤት ሲገባ የእናቱን አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይመልሳል፤ መመለሱን አያስታውስም። አሁን ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የአውስትራሊያ ስፖርት ኮሚሽን በ2024 ባወጣው መመሪያ እንዲህ የተመታ ልጅ ወደ ግጥሚያ የሚመለሰው ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ ነው፤ ያውም ምልክቱ ሁሉ ከጠፋ።

— እሺ ወንድሜ። ግን ክለቡ «ትንሽ ነው፣ ይግባ» ቢለኝስ?
እናቱ አንቺ ነሽ። «አይገባም» በይና ጃኬቱን አልብሰሽ ወደ መኪናው ውሰጂው። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።