አባቴ ፒዛ ቤቱን አልለቅም፣ እኔንም አላሠራም አለኝ

እህቴ፣ ትምህርት ከጨረስሽ ጀምሮ አባትሽ ከ30 ዓመት በፊት የከፈተው ፒዛ ቤት ውስጥ ትሠሪያለሽ። ሊጡን የምታቦኪው፣ ምድጃው ፊት የምትቆሚው፣ ማታ ሒሳብ የምትዘጊው አንቺ ነሽ። ደሞዝ ግን የለሽም፣ ሲቸግርሽ ትጠይቂያለሽ። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ይደር ስትዪው ሠራተኞቹ ፊት ጮኸብሽ። ከዚያ ወዲህ እናትሽ በመሃላችሁ መልእክት ታመላልሳለች፣ ባለቤትሽም መሮታል። "ጥዬ ብወጣ ከዳኋቸው ማለት ነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አይደለም። ይሄ በመጀመሪያ ይታወቅልኝ።

ስለ ሊጡ ያልሽው ስሜት ይሰጣል። በቅዝቃዜ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ጣዕሙ እንደሚያምር ብዙ ፒዛ ጋጋሪ ያውቃል። አባትሽ የሰማው ግን ሌላ ነው፤ "እስከ ዛሬ የሠራኸው ልክ አልነበረም" የሚል ነው የሰማው። ዕድሜውን ያፈሰሰበት፣ የሰፈሩ ሰው በእሱ ስም የሚጠራው ቤት ነውና ቁልፉን አስረክብ ሲባል "ነገ ጠዋት ተነስቼ ማን ልሆን ነው?" የሚል ፍርሃት ይይዘዋል፣ ፍርሃቱን ደግሞ በቁጣ ያወጣዋል። ይህን ስልሽ ጩኸቱን ቻይው ማለቴ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሬናቶ ታጊዩሪና ጆን ዴቪስ የቤተሰብ ንግድን በሦስት የተጠላለፉ ክቦች አሳይተው ነበር፦ ቤተሰብ፣ ባለቤትነት፣ ሥራ። አባትሽ ሦስቱም ውስጥ አለ። አንቺ ልጅም ሠራተኛም ነሽ፣ ባለቤት ግን አይደለሽም። ለዚህ ነው እንደ ሠራተኛ ደሞዝ ስትጠይቂው እንደ አባት "ሁሉም ያንቺ አይደል?" ብሎ የሚመልስልሽ። መልሱ ፍቅር አለበት፣ የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም።

እናትሽን ከመሃል አውጫት። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሙሬይ ቦወን ሁለት ሰዎች ሲጨናነቁ ሦስተኛ ሰው ጎትተው እንደሚያስገቡ አስተውሎ ነበር። ለጊዜው ይቀላል፣ ጉዳዩ ግን ሳይፈታ ይከርማል። "እማ፣ ከእንግዲህ ለአባዬ ራሴ እነግረዋለሁ" በያት።

ከዚያ ፒዛ ቤቱ በሚዘጋበት ቀን፣ ከሱቁ ውጪ፣ ሁለታችሁ ብቻ ተቀመጡ። መጀመሪያ እሱ የትኛውን ሥራ መልቀቅ እንደማይፈልግ ጠይቂው፤ ምናልባት ደንበኛ መቀበሉ ወይም ሶሱ ይሆናል፣ እሱን ተዪለት። ቀጥለሽ የራስሽን ተናገሪ፦ በየወሩ የታወቀ ደሞዝ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቤቱን ብቻሽን የምትመሪበት፣ ባለቤትነቱ መቼና እንዴት እንደሚተላለፍ ደግሞ በጠበቃ ፊት በጽሑፍ። ሁሉንም በአንድ ቀን አይቀበልም። ደሞዙን ግን አታዘግዪው።

ባለቤትሽ አባትሽን ጠልቶ አይመስለኝም፣ ማታ ማታ አንቺን ማግኘት አቅቶት ነው። የትኛው ምሽት የእናንተ እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ፣ የአባትሽን መልስ አትጠብቁ።

እምቢ ካለሽ ለራስሽ ቀን ቁረጪና ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ። መውጣትሽንም ከእናትሽ ሳይሆን ካንቺ ይስማ፣ ተተኪ የሚያለማምድበት ጊዜም ስጪው።