«ጽሑፌን በሌላ ሰው ስም አወጡት፤ ዝም ልበል?»

ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። በፍሪላንስ ትሠሪያለሽ። ሦስት ሳምንት ምናለሽ ተራ ተመላልሰሽ ስለ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች የጻፍሽውን አንድ ድረ-ገጽ በሌላ ጋዜጠኛ ስም አወጣው። በማግስቱ አንድ የዩቲዩብ ቻናል ቃል በቃል አነበበው። አዘጋጅሽ «ተይው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው» አለሽ። ብትናገሪ ደግሞ «ነገረኛ» ተብለሽ ሥራ እንዳታጪ ፈርተሻል።

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። መንደሩ ጠባብ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ግን ሰውን ነገረኛ የሚያሰኘው አቀራረቡ ነው። እኔ ዴስክ ላይ ሳለሁ ሁለት እንዲህ ያለ አቤቱታ ደርሶኛል። አንዱ አራት ገጽ ስድብ ነበር፤ ማንም አንብቦ ሳይጨርሰው ሳምንታት ከረመ። ሌላው ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን፣ ተመሳሳዩ መስመር በቢጫ ተቀልሞ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብንም። ልጃችን ሰርቋል። ደብዳቤውን የላከችውን ልጅ በኋላ ሥራ ሰጠናት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለማንም አትደውዪ። ፌስቡክ ላይም «ሌባ» ብለሽ አትለጥፊ፤ ገጹን አጥፍተው፣ ዞረው ስማችን ጠፋ ይሉሻል። መጀመሪያ ሊንኩና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። ገጹን ዌይባክ ማሺን ላይ (ድረ-ገጾችን በዕለቱ እንደነበሩ የሚያስቀምጥ የኢንተርኔት ማኅደር ነው) አስቀምጪ። ማስታወሻ ደብተርሽን፣ የቀዳሽውን ድምፅ፣ ለአዘጋጅሽ የላክሽበትን ኢሜይል ሰብስቢ።

ማስረጃ የምልሽ ርዕሰ ጉዳዩን አይደለም። ምናለሽ ተራ የማንም አይደለም፤ ነገም ሌላ ጋዜጠኛ ሄዶ ሊጽፍ ይችላል። የቅጅ መብት አዋጁም (ቁጥር 410/1996) ሐሳብንና ጥሬ መረጃን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው አገላለጽሽን ነው። አንቺን የሚያድንሽ «ቀጥቃጩ ግራ ጆሮውን ብቻ በጥጥ ይደፍናል፣ ቀኙ ለደንበኛ ነው» ያልሽው መስመር ነው። እሱም እንዳለ ተወስዷል። ይባስ ብሎ የምድጃውን ዋጋ አሳስተሽ ጽፈሽ ነበር አልሽ፤ ስህተቱም አብሮ ተገልብጧል። ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ?

በ2003 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ታይምሱን ጋዜጠኛ ጄሰን ብሌርን ያስያዘው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ማካሬና ኸርናንዴዝ የምትባል የሳን አንቶኒዮ ጋዜጠኛ ስለ አንድ ወታደር እናት ጽፋ ነበር። እናትየው ልጇ የገዛላትን ሶፋና በቀይ መያዣው ውስጥ ያለ አምባር ታሳያታለች። ብሌር ቤቱን ሳይረግጥ ያንኑ ሶፋ፣ ያንኑ አምባር ጻፈ። የኸርናንዴዝ ዋና አዘጋጅ ለታይምስ አዘጋጆች ጻፈ። ብሌር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ፤ ወር ገደማ ቆይቶ ሁለቱ የታይምስ የበላይ አዘጋጆችም ተከተሉት።

ልብ በዪ፣ የጻፈው አዘጋጇ ነው። ያንቺም መጻፍ አለበት። እምቢ እንዳይልሽ ውልሽን አውጥተሽ እዪ። ተቀጥረሽ ወይም ታዘሽ የሠራሽው ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር የገንዘብ ጥቅሙ መብት የአሠሪው ነው። የጽሑፉ ባለቤት ተብለሽ የመታወቅ መብት ግን ያንቺ ነው። እንግዲህ አዘጋጅሽም ተሰርቋል፤ አንባቢው ወደ ሌላ ቤት ሄዷል። ይህን ንገሪው። አሁንም «ተይው» ካለሽ በራስሽ ስም ጻፊ።

ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። «ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መቼና የት እንደወጣ እነሆ፣ ስሜና ሊንኩ ተጨምሮ በግልጽ እርማት ይውጣ፣ እስከ አርብ መልስ እጠብቃለሁ።» ዝም ብለው እንዲያጠፉት አትጠይቂ። ከጠፋ የሚቀርሽ ነገር የለም። መልስ ከሌለ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት አቤት ማለት ይቻላል። ፍርድ ቤትም አለ፤ ግን ለአንድ ጽሑፍ ጊዜውንና የጠበቃውን ሒሳብ አስቢው።

ዩቲዩቡ ይቀላል። የቅጅ መብት ማመልከቻ ቅጹን ባለመብቱ ይሞላል። ከፈለጋችሁ ቻናሉ በ7 ቀን ውስጥ ራሱ እንዲያነሳው ዕድል መስጠት ይቻላል። የአመልካቹ ስም ለቻናሉ እንደሚደርስ ግን እወቂ።

አንድ ነገር ቀረ። ያንን የምድጃ ዋጋ በራስሽ ጽሑፍ ላይ አርሚው፤ አንባቢ ይገባዋል። ግን መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሺ።