ከኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) ሕክምና በኋላ የሚደረግ ምርመራ፦ የቡድናችን አባላት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ14 ቀኑን መድኃኒት ከጨረስኩ 3 ወር ሆነኝ። የደም ምርመራው አሁንም ፖዘቲቭ ነው። አልዳንኩም ማለት ነው?

መልስ፦ ደሙ ይህን አይነግርዎትም። የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትዎ ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው፤ አንቲቦዲው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። በዚህ ውጤት ሁለተኛ ዙር አንቲባዮቲክ አይጀምሩ። የሰገራ አንቲጂን (የባክቴሪያው የራሱ ቅንጣት) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ያሠሩ።

ጥያቄ፦ የሰገራውን መቼ ላሠራ?

መልስ፦ የመጨረሻውን አንቲባዮቲክ ከዋጡ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆዩ። ከአንቲባዮቲኩ ጋር የሚታዘዘው የጨጓራ መድኃኒት ቢስሙዝም በዚህ ቆጠራ እንደ አንቲባዮቲክ ነው። በመሃል ለቶንሲል ወይም ለሽንት ሌላ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት ኦሜፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና ፓንቶፕራዞል ደግሞ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ይቆማሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እነዚህ መድኃኒቶች የባክቴሪያውን ቁጥር ያሳንሱታል እንጂ አያጠፉትም፤ ስለዚህ አንቲጂኑ የምርመራ ኪቱ ሊይዘው ከሚችለው በታች ይወርዳል። ኦሜፕራዞል እየዋጡ የመጣ ኔጌቲቭ አይታመንም። እስከዚያ ቃር ካስቸገረዎት አንታሲድ ይችላሉ። የጨጓራ ቁስሉ ደም አፍስሶ የሚያውቅ ወይም አስፒሪን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቁም።

ናሙናው በንጹሕ ደረቅ ዕቃ ይሁን፤ ሽንትም ውሃም አይንካው። ውሃ የሆነ ተቅማጥ አንቲጂኑን ስለሚያቀጥነው ተቅማጡ እስኪቆም ይጠብቁ። ወዲያው የማይደርስ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ለላብራቶሪ ልጆች፦ በተወሰነው ደቂቃ ውስጥ የወጣች መስመር ብትደበዝዝም ፖዘቲቭ ናት፤ ካለፈ በኋላ የወጣችው አትነበብም።

ሌላ አባል፦ እኔ ፌጦ በማር ወስጄ ሕመሙ ለቆኛል፤ ምርመራም አላስፈለገኝ።

ሌላ አባል፦ ፌጦ የተላጠ ጨጓራ ላይ? ያቃጥላል እንጂ! ደግሞ ሕመም ለቀቀ ማለት ባክቴሪያው ወጣ ማለት አይደለም።

መልስ፦ ሁለተኛው አባል ስለ ሕመሙ ያሉት ትክክል ነው። የፌጦውን ክርክር እዚህ ተዉት።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፤ የትንፋሽ ታዞልኛል። ጨረር አለው?

መልስ፦ ለምርመራው የሚሰጥዎት ካርቦን 13 ያለበት ከሆነ ጨረር የለውም። ካርቦን 14 ጥቂት አለው፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይንገሯቸው። ቢያንስ 6 ሰዓት ይጹሙ። የኦሜፕራዞሉ 2 ሳምንት እዚህም አለ።

ጥያቄ፦ ሆዴን ይነፋኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በዚህ ብቻ መልስ አይሰጥም። ሐኪም ይይዎት፤ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ዛሬውኑ።

ጥያቄ፦ ሰገራዬ ኔጌቲቭ ወጣ፣ ድኛለሁ?

መልስ፦ አንቲባዮቲኩን መቼ ጨረሱ? ኦሜፕራዞል ካቆሙስ ስንት ቀን ሆነዎት? ሁለቱን ሳይጽፉ አይጠይቁ።

ጠያቂ፦ አንቲባዮቲኩን ከጨረስኩ 6 ሳምንት፤ ኦሜፕራዞሉን ግን ካቆምኩ 5 ቀን።

መልስ፦ አይበቃም። 9 ቀን ጨምረው ይድገሙት።