የታመመችን ባለቤት ይዞ መንገድ መውጣት ኃጢአት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከባለቤቴ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተን ልጆች አፍርተናል። ባለቤቴ የጡት ካንሰር ይዟት አዲስ አበባ እየተመላለሰች ብዙ ታከመች። አሁን ግን በሽታው ወደ አጥንቷ ስለተዛመተ ከዚህ በኋላ የሚሰጣት ሕክምና ሕመሟን ከማስታገስ እንደማያልፍ ሐኪሞቹ ነግረውናል። እሷም ታውቃለች። «ዓባይን የተሻገርኩት ለመርፌ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ለደስታ ውሰደኝ» ትለኛለች። ደብረ ወርቅ ያሉትን እናቷን ማየት፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መሳለም፣ ባሕር ዳር ከምትማረው ልጃችን ጋር መሰንበት ትፈልጋለች። ወንድሞቼ «በሽተኛ ይዞ ሽርሽር ነውር ነው፤ ገንዘቡ ለሕክምና ይሁን፣ እሷም ጸበል ቦታ ትቀመጥ» እያሉ ይቆጣሉ። ልጃችንም ትምህርቷ እንዳይሰናከል ብለን እውነቱን አልነገርናትም። ዐቢይ ጾምም ሊገባ ነው፤ ሐኪሞቹ ደግሞ ወተትና እንቁላል አዘውላታል። በዚህ ጊዜ መደሰታችን እግዚአብሔርን መድፈር ይሆንብናልን?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ ውሰዳት። ሐኪሟ መንገዱን ትችለዋለች ካለ፣ እሷም ከፈለገች፣ ይዘሃት ሂድ። መልሱን አስቀድሜ የሰጠሁህ ጥያቄህ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ጊዜ ስለሌላችሁ ነው። ምክንያቱን ቀስ ብለህ አንብበው፤ ለወንድሞችህም አንብብላቸው።

ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 9 ስለ ሞት ብዙ ይናገራል። ለጻድቁም ለኃጥኡም የሚገጥመው አንድ ነው፤ ሙታን ፍቅራቸውም ጥላቸውም ጠፍቷል፤ በምትሄድበት በመቃብር ሥራ የለም ይላል። በዚያው ምዕራፍ፣ በዚያው ንግግር መካከል ነው እንጀራህን በደስታ ብላ፣ ከምትወድዳት ሚስትህ ጋር ደስ ይበልህ ብሎ የሚያዝዘው። ይህን ያለው ሞትን ረስቶ አይደለም። ሞትን ፊት ለፊት እያየ ነው ወደ ሚስትህ ዞር እንድትል የመከረህ። ስለዚህ የእናንተ ደስታ ድፍረት አይባልም፤ ትእዛዝ መፈጸም ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በቅዳሴዋ ስለ ሕሙማን ስትለምን ስለ መንገደኞችም ትለምናለች። ባለቤትህ ታማ መንገድ ብትወጣ ከሁለቱም ልመና ድርሻ አላት።

መጽሐፈ ጦቢትን አስታውስ። ጦቢት ዓይኑ ጠፍቶ፣ ቤቱ ደኽይቶ፣ ሞቱን እየለመነ ሳለ ልጁን ጦብያን ሩቅ አገር ላከው። እናቲቱ ልጄን ለምን ሰደድከው ብላ አለቀሰች። እንደ ወንድሞችህ ያለ ሰው በዚያ ቢኖር ኖሮ አባትህ ታሞ ወዴት ትሄዳለህ ባለው ነበር። ነገር ግን ቅዱስ ሩፋኤል አብሮት የተጓዘው በዚያ መንገድ ነው፤ ጦብያ ሣራን ያገባው በዚያ ጉዞ ነው፤ የአባቱን ዓይን ያበራው የዓሣ ሐሞትም የመጣው ከዚያው ጉዞ ነው። ባለቤትህ ከመንገድ ስትመለስ ትድናለች እያልኩህ አይደለም፤ ይህን ሊነግርህ የሚችል ሰው የለም። የምልህ፣ የጦቢት ቤት በሽታ ስለገባበት መኖር አላቆመም። ጦብያ በሠርጉ ሌሊት ከሣራ ጋር ቆሞ ምሕረት አድርግልኝ፣ ከእርሷ ጋር አብሬ እንዳረጅ ፍቀድልኝ ብሎ ጸለየ። አንተም ያን ጸሎት ጸልየው። እግዚአብሔር ከሰጠህ እሰየው፤ የምትፈራው ከሆነም ጸሎቱ ከንቱ አይሆንም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ወንድሞችህ ክፉ ሰዎች እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ የወንድማቸው ሚስት ናትና ፈርተውላት ነው የሚቆጡት። ሐኪሞቹ የሚጠቅም ሕክምና ቀርቷታል ቢሉ ኖሮ እኔም ከእነሱ ጋር እቆም ነበር። ነገር ግን በአገራችን በጎጃም የማየውን ነገር በግልጽ እናገራለሁ። ሰው በሕይወት ሳለ እናቱን እንዲያይ የመኪና ዋጋ የሚሰስት ዘመድ፣ ሲሞት ለአርባው በሬ ይጥላል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ጠላውን በጋን ያስጠምቃል፣ ከዚያም ዕዳውን ለዓመታት ሲከፍል ይኖራል። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን ጸሎት ይደረግ፣ ድሃም ይመጽወት ትላለች፤ ይህንንም አጥብቀን እናስተምራለን። ሐዘንተኛው ቤት እስኪራቆት ድግስ ይደገስ የሚል ሥርዓት ግን የላትም። ለአርባ ሊወጣ ከሚችለው ጥቂቱን አሁን፣ ዓይኗ እያየ፣ እግሯ እየሄደ አውጣላት። እናቷ ልጃቸውን አቅፈው ቢስሟት ምን ያህል እንደሚያወጣ በብር መገመት አይቻልም። ይህን ለወንድሞችህ በቁጣ አትናገር። ጠርተህ፣ ቡና አፍልተህ፣ እሷ ባለችበት ንገራቸው፤ ፍላጎቷን ከራሷ አፍ ይስሙ።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ በዚያው ምዕራፍ በታመምህ ጊዜ ጸልይ ይላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን ምሕረት ካበሠረው በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን በይፋ አስተምረው ነበር። ጸበል ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ መድኃኒትሽን ግን ጣይ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። በተለይ የሕመም ማስታገሻውን በሰዓቱ ትውሰድ። ሕመምን በመድኃኒት መቀነስ መስቀልን መጣል የሚመስላቸው አሉ፤ አጥንቷ እየነደደ ሌሊቱን ሙሉ ከምታቃስት፣ ሕመሟ ጋብ ብሎላት አቡነ ዘበሰማያት ብትደግም ይሻላል። ጸበል ቦታ መቀመጥ ከፈለገች ትቀመጥ፤ ካልፈለገች ግን ማንም አያስገድዳት። ጸበሉን ይዛችሁ መጓዝም ትችላላችሁ።

ስለ ልጃችሁ የጻፍከው አስጨንቆኛል። እንዳትረበሽ ብላችሁ መደበቃችሁ ከፍቅር ነው፤ በአገራችንም መርዶ እንኳ በንጋት፣ በዘመድ መካከል የሚነገረው ሰው ለብቻው እንዳይሰበር ነው። ነገር ግን ሕመም መርዶ አይደለም፤ እናቷ በሕይወት አለች። ሕዝቅያስ እንደሚሞት በነቢዩ አፍ ተነግሮት ቤትህን አስተካክል ተብሏል፤ እውነቱን ስለሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፣ ጸለየም፣ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት። እውነቱን ባይሰማ ያን ጸሎት ከወዴት ያመጣው ነበር? ልጃችሁንም ጸሎቷን አትከልክሏት። ከእናቷ ልትጠይቀው የምትፈልገው ነገር ይኖራል፤ ይቅርታ የምትልበት፣ ስለ ልጅነቷ የምትሰማው ነገር ይኖራል። በኋላ ከጎረቤት ብትሰማው ሐዘኗ ላይ ቂም ይጨመርበታል። ባሕር ዳር ስትደርሱ በመጀመሪያው ቀን አትንገሯት፤ ትጥገባችሁ፣ ትብላ፣ ትሳቅ። ከዚያ ሁለታችሁም ባላችሁበት እናቷ ራሷ ትንገራት። ፈተና ላይ ከሆነች ፈተናው እስኪያልፍ ጥቂት መጠበቅ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ አታቆዩት። ታለቅስ ይሆናል። ጌታም በአልዓዛር መቃብር ፊት አልቅሷል።

ስለ ጾሙ አትጨነቁ። የሐዋርያት ቀኖና ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾመውን ሲገሥጽ ከሥጋ ድካም የተነሣ የተከለከለውን ለይቶ ያወጣዋል። ወተቱን በንስሐ አባታችሁ ፈቃድ ትጠጣ፤ እያፈረች ሳይሆን እያመሰገነች ትጠጣው። መጾም የምትወድ ከሆነች ጸሎቱን፣ ምጽዋቱን፣ አንደበትን መግታቱን ማንም አይከለክላትም። ቅዱስ ቁርባን ለመቀበልም ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ለሕሙማን የሚደረገውን እርሳቸው ያውቁታል።

ከመነሣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ካህናቱን ወደ ቤት ጥራና ጸሎተ ቀንዲል ያድርሱላት። ብዙ ምእመናን ቀንዲል ለሚሞት ሰው ብቻ የሚደረግ ይመስላቸውና ካህን ዘይት ይዞ ሲመጣ ይደነግጣሉ። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ፣ በጌታ ስም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ነው ያለው። የታመመ አለ እንጂ የሚሞት አላለም። ወንድሞችህም በዚያ ቀን ይገኙ፤ ቁጣቸው በጸሎቱ መካከል ይበርዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ መንገዱም ጥቂት ልበል። ወደ ባሕር ዳር በቢቸናና በሞጣ በኩል ብትሄዱ ደብረ ወርቅ መንገዳችሁ ላይ ናት፤ እናቷ ዘንድ አድራችሁ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምን ተሳልማችሁ ትቀጥላላችሁ። በሽታው አጥንት ውስጥ ከገባ ኮረኮንችና ግፊያ ስለሚጎዳት ሐኪሟ ስለ መቀመጫዋና ስለ ማስታገሻው መጠን አስቀድሞ ይምከራችሁ። የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰው ጠይቃችሁ ተነሡ፤ ዛሬ አይሆንም ካሏችሁ ቀኑን አዛውሩት። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት ስለማይገባባቸው እሷን ጀልባ ላይ ትተህ አንተ ብቻ የምትሳለምበት ጉዞ አይሁን። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መምረጧ መልካም ነው፤ ዘጌ ላይ አብራችሁ ትገባላችሁ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያለውን ሥዕልም አብራችሁ ታያላችሁ። ከጀልባው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡናው ደን ውስጥ ዳገት ስላለ በማለዳ ተነሥታችሁ እያረፋችሁ ውጡ። የካቲት 16 የንግሥ በዓሏ ነው፤ ነገር ግን ሕዝቡ ስለሚበዛ ለደከመች ሴት ሌላ ቀን ይሻላታል።

አንተም ለራስህ እዘን። ሌሊት የምታስታምም ሰው ቀን ካልተኛ መኪና ውስጥም ሆነ ቤት ውስጥ ለማንም አይሆንም። ልጆችህም፣ የባለቤትህ እኅቶችም ተራ ይግቡ።

የባለቤትህን የክርስትና ስም ጽፈህ ላክልኝ፤ የአንተንም የልጆችህንም ጨምር። በቅዳሴ ጊዜ አነሣችኋለሁ።