ልብ የሚሞላበት ጊዜ

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ አንድ የሕክምና ተማሪ አስቁሞኝ ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ የልብ ጡንቻ ሲለጠጥ በኃይል ይኮማተራል። ምቱ ሲፈጥንም ኃይሉ ይጨምራል። ታዲያ ሁለቱ ሲገጥሙ ታማሚው ለምን ይደክማል?» ጎበዝ ልጅ ነው። ብዙዎቻችሁ ለፈተና ሸምድዳችሁ የምታልፉት ነገር ስለሆነ መልሱን እናንተም ስሙት።

ሁለቱም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 አሜሪካዊው ተመራማሪ ቦውዲች በጀርመኗ ላይፕሲግ ከተማ የእንቁራሪት ልብ ምቱ ሲደጋገም ኃይሉ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንደሚል አየ። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በ1895፣ እንግሊዛዊው ስታርሊንግ ደግሞ በ1914 የተለጠጠ ልብ አብልጦ እንደሚገፋ አሳዩ። ፍጥነቱ በጡንቻው ሴል ውስጥ ካልሲየም ያጠራቅማል። መለጠጡ ጡንቻው ለዚያው ካልሲየም የሚሰጠውን ምላሽ ያጠነክራል። ግን ልብ እንዲለጠጥ መሙላት አለበት። ለመሙላት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ አንዱ ዙር 0.8 ሰከንድ ነው፤ 0.5 ያህሉ ልብ ዘና ብሎ የሚሞላበት እረፍት ነው። 150 ሲገባ ዙሩ 0.4 ይሆንና እረፍቱ ወደ 0.2 ገደማ ይወርዳል። በደንብ ያልሞላ ልብ ደግሞ አይለጠጥም፤ አብልጦም አይገፋም።

ነገሩ በደንብ የገባኝ በአንዲት ሴት ነው። ገና ጀማሪ ሐኪም ነበርኩ። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣች የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የባሏ እህት ደግፋታለች፤ ሲዳምኛውን የምታስተረጉምልኝም እሷው ናት። መተኛት አልቻለችም። የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ በላብ ርሷል። ምቷ 140 ነው። በልጅነቷ ጉልበቷ እያበጠ ይመላለስባት ነበር አሉ። ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ በልቧ ግራ ክፍሎች መካከል ያለው የደም በር፣ ሚትራል ቫልቯ፣ ጠቧል። ኦክስጅን አደረግንላት፣ ትርፍ ውኃን በሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ ሰጠናት። ትንሽ ቀለል ቢላትም ምቷ አልወረደም።

ተረኛዋ ሲስተር በዕድሜ የገፉ ነበሩ። «ልጄ፣ ልቧ ፋታ አጥቷል» አሉኝ። ትልቁን ሐኪም አማክረን ምት የሚያዘገየውን ፕሮፕራኖሎል በትንሹ ጀመርን። ጣቴን ከእጇ አንጓ ላይ ሳላነሳ አመሸሁ። መጀመሪያ ክር የመሰለው ምት እየዘገየ ሲሄድ እየወፈረ መጣ። ከጠባቡ በር የሚያልፈው ደም ጊዜ አገኘ፤ ልቧ ሞላ፣ ተለጠጠ፣ ገፋ። ሊነጋጋ ሲል ትራስ ጠይቃ ጋደም አለች።

ዳነች ማለት ግን አይደለም። ቫልቩን የሚያሰፋ ሕክምና ያኔ በአካባቢያችን አልነበረም። አዲስ አበባ ሂጂ ተባለች፤ የባሏ እህት ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም። አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ወርጄ እሷን የምትመስል ሴት ሳይ ዛሬም ቆም እላለሁ። የእግር እሳት ሆኖብኝ የቀረው ይኸው ነው።

የዛሬ ልጆች ሞኒተር ላይ ማፍጠጥ ታበዛላችሁ፤ አልወደውም። ቁጥሩን ይነግራችኋል፤ የምቱን መሳሳትና መወፈር ግን ጣት ነው የሚያውቀው። በአልትራሳውንድ በኩል ደግሞ ከእኛ በብዙ ትበልጣላችሁ። ያኔ ያ መሣሪያ በእጄ ቢኖር ምን ባልሰጠሁ!

የደከመ የልብ ጡንቻ ደግሞ ሌላ ነው። ምቱ ሲፈጥን ኃይሉ አይጨምርም፤ ጭራሽ ሊቀንስ ይችላል። እንዲህም ሆኖ ፈጣን ምት ባያችሁ ቁጥር ለማዘግየት አትቸኩሉ። ብዙ ደም የፈሰሰውን ሰው በሕይወት ያቆየው ያ ሩጫ ነው። እሱን በመድኃኒት ብትገቱት ሰውየውን ታጡታላችሁ። መድማቱን አቁሙ፣ የጎደለውን ተኩ፤ ምቱ በራሱ ይወርዳል።