ብቻችሁን ለምትወጡ ልጆቼ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ሻይ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሻ ይዘው ብቻዎን ወፍ አደን ይሄዳሉ አሉኝ። እኔም መጀመር እፈልጋለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ። ስለ ፈቃድና ስለ ጫማ ትንሽ ነግሬው ተለያየን። ቤት ስገባ ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኩት ገባኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ለምታስቡ ልጆቼም ይህን ጻፍኩ።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። አሥራ ሁለቱ የሌሊት ፈረቃ ነበር። ያደግኩት ጎጃም ነው። ልጆች ሳለን ቆቅና ጅግራ በወጥመድ እንይዝ ነበር። ውሻ ግን ግቢ ጠባቂ እንጂ የአደን ጓደኛ አልነበረም። ቤት አይገባም፣ ማንም አያሻሸውም። ከውሻ ጋር ማደንን የተማርኩት ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው፤ ያስተማረኝም አብሮኝ የሚሠራ የገበሬ ልጅ ነው። ከዚያ የራሴን ውሻ ገዛሁ። ጀርመን ሾርትሄርድ ፖይንተር የሚባል፣ ወፍ ሲሸተው ደርቆ ቆሞ የሚያመለክት ዝርያ ነው። ቀለሟ የአባቴን ፈረስ ስላስታወሰኝ ዳማ አልኳት።

የምናድነው ወፍ ፊዛንት ይባላል። ወንዱ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት አለው፣ ፊቱ ቀይ ነው፣ ጅራቱ ረጅም ነው። ወፉ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። በፈረንጆቹ 1880ዎቹ መጀመሪያ ከቻይና በመርከብ መጥቶ ኦሪገን ተለቀቀ፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ስቴቶች ተዛመተ። እዚህ የአደኑ ወቅት የሚከፈተው ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። መተኮስ የሚፈቀደው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ብቻ ነው። ሴቷን መምታት ክልክል ነው። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ስለሚበቃ ጥቂት ወንዶች ቢጎድሉ ለሚመጣው ዓመት ጫጩት አይጠፋም። ሴት ከሞተች ግን አንድ ጎጆ ሙሉ ጫጩት አብሮ ሞተ ማለት ነው። ፀሐይ ዓይናችሁ ውስጥ ገብታ ወንድ ይሁን ሴት ካልለያችሁ አትተኩሱ። ወፉ ይሂድ።

ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከነዳችሁ ሞንቴቪዲዮ አካባቢ ትደርሳላችሁ። ሜዳው የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ነው። በመሐል በመሐል ረግረግ አለ፤ ዳር ዳሩን ፊላ ሞልቶታል። ብዙ ቦታ ረግረጉ የመንግሥት መሬት ነው፤ እዚያ ማንም ፈቃድ ያለው ሰው ገብቶ ማደን ይችላል። መጀመሪያ ሳየው አላመንኩም። መሬቱ የተገዛው በአብዛኛው ከአዳኞች በተሰበሰበ ገንዘብ ነው። ከ1934 ጀምሮ ዳክዬ የሚያድን 16 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ በየዓመቱ አንድ ልዩ ቴምብር ይገዛል፤ ገንዘቡ ረግረግ መግዣ ይሆናል። በ1937 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ አለ። ጥይትና የአደን ጠመንጃ ስትገዙ አምራቹ የከፈለው 11 በመቶ ታክስ ዋጋው ውስጥ አለ፤ እሱም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። እዚያ ሜዳ ላይ ስትቆሙ እንግዳ አይደላችሁም። ድርሻችሁን ከፍላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ዳማ ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ነበረች። ኅዳር መጀመሪያ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቀራት። ቀኑን ሙሉ ተጉዘን አንድም ወፍ አልያዝንም። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ፊላው ዳር ስንደርስ ዳማ ድንገት ደርቃ ቀረች። አንድ እግሯን አንስታ፣ ጅራቷን አቅንታ፣ አፍንጫዋን ወደ ሳሩ ቀስራ። ሁለት እርምጃ ስራመድ ወንዱ እየጮኸ ተነሣ። ተኮስኩ። ክንፉ ታጠፈና ፊላው ውስጥ ወደቀ።

ፊዛንት ክንፉ ቢሰበርም እግሩ ደህና ከሆነ ይሮጣል። እንደ ወደቀ እዚያው አይቆያችሁም። ዳማ ገባች። ፊላው ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። መሸ። እግሬ ርሷል፤ የጣቶቼን ጫፍ አላውቃቸውም። ፉጨት ነፋሁ። ወጣች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች። እንደገና ጠራኋት። ጭቃ ለብሳ ወጥታ ፊቴ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ግን ወደ ፊላው ነው። ማሰሪያዋን አንገቷ ላይ አስገብቼ ወደ መኪናው ጎተትኳት። መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ እየዞረች ነበር።

ለራሴ ያልኩት ይህን ነው፦ ስቼው ይሆናል። ሞቶም ይሆናል። ደግሞስ ማን አየኝ?

ያን ሌሊት አነስ ባለች ከተማ ሞቴል አድሬ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ውጪው ከዜሮ በታች ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ሲሞላ እዚያው ቦታ ዳማን ለቀቅኳት። ሌላ ቦታ አላሸተተችም። ትናንት አልወጣም ያለችበት ቦታ ቀጥ ብላ ገባች፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀባትም። ወፉን በአፏ ይዛ መጣች። በሕይወት ነበር። ክንፉ ተሰብሮ፣ ላባው ላይ በረዶ ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ቁጭ ብሎ ነበር ያደረው።

ስለ ወፍ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድነው የሚል ይኖራል። አባቴም ቢሆን ይህን ይል ነበር። እኔ ግን ያን ጠዋት አፈርኩ። እሷ ሥራዋን ልትጨርስ ፈልጋለች፤ ከመሐል ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ያቺ ውሻ ባትኖር ኖሮ ያደረግኩትን ዕድሜ ልኬን አላውቀውም ነበር። የወደቀውን ወፍ ረስቼው ደህና አዳኝ ነኝ እያልኩ እኖር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ለራሴ ወስኛለሁ። የመታሁት ወፍ ከወደቀ ዳማ ራሷ እስክትተወው ድረስ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ጊዜ እንዲተርፈኝ ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት መተኮስ አቆማለሁ። ሁለተኛ፣ ያልተገኘውንም እቆጥረዋለሁ። እኔ በማድንበት ጊዜ በቀን የሚፈቀደው ሁለት ነው። አንድ ይዤ አንድ ከጠፋብኝ ለእኔ ቀኑ አልቋል። ጠመንጃዬን ባዶ አድርጌ ወደ መኪናዬ እሄዳለሁ።

ከጓደኞች ጋር ስትሆኑ ከመሐል አንዱ «እንፈልገው» ይላል። ወይም ሁሉም «ተወው፣ እንሂድ» ይላሉ፤ ጥፋቱን ተካፍላችሁ ትገባላችሁ። ብቻችሁን ስትሆኑ የምትካፈሉት ሰው የለም። ወጣት ሆናችሁ አንዳንዴ ብቻችሁን ውጡ የምላችሁ ለዚህ ነው። ጸጥታው ደስ ይላል፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ ስልክ አይጮህም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ማንም በማያይበት ቦታ ምን ዓይነት ሰው እንደሆናችሁ የምታዩበት ዕድል ብዙ አይገኝም። ከተማ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያየን አለ።

በሌሊት ፈረቃ ፋርማሲው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ ከፊላው ነገር ሁለት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለአንድ የስድስት ዓመት ልጅ የመድኃኒት ትእዛዝ መጣልኝ። ክብደቱ 44 ኪሎ ይላል። መጠኑ ለ44 ኪሎ ትክክል ነው። ኮምፒዩተሩ አረንጓዴ አበራ። አጽድቄ ብልከው ማንም አይጠይቀኝም፤ ሌላ ሃያ ትእዛዝ ይጠብቀኛል። ግን የስድስት ዓመት ልጅ 44 ኪሎ? ደወልኩ። ነርሷ ሥራ በዝቶባታል፣ ድምፅዋ ላይ ያስታውቃል። «እባክሽ እንደገና መዝኚልኝ» አልኳት። ልጁ 20 ኪሎ ነበር። በፓውንድ የተመዘነው 44 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። ከሁለት እጥፍ በላይ መድኃኒት ሊሰጠው ነበር።

ስልኩን ሳነሳ ዳማ ትዝ አለችኝ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። አልታወሰችኝም። እጄ ግን አላመነታም። ያ እጅ ከዚያ በፊት ስንት ቅዳሜ ፊላ እየገለጠ ሲፈልግ ነበር።

ለሚጀምር ሰው የሚያስፈልገውን ደግሞ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ ከ1979 በኋላ የተወለዳችሁ የጠመንጃ ደህንነት ትምህርት ሳትወስዱ እዚህ መደበኛ የአደን ፈቃድ አታገኙም፤ ውሰዱት፣ ጥሩ ትምህርት ነው። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ገና ያላለቀ ልጆች ጠመንጃ ከመንካታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ። ይህን አደራ እላለሁ። በአንድ ቅዳሜ ጨዋታ የሕይወታችሁን ጉዳይ አታበላሹ።

ከወገባችሁ በላይ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ልበሱ። አጥር ስትሻገሩ ጥይቱን አውጡ። ዝቅ ብሎ የሚበርር ወፍ ላይ በፍጹም አትተኩሱ፤ ውሻችሁ እዚያ ሳር ውስጥ ናት። አንድ የማውቀው ሰው ይህን ረስቶ ውሻውን አጥቷል፤ እስከ ዛሬ ሌላ ውሻ አላሳደገም። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠረኑ ወደ እሷ እንዲመጣ። የመኪና በር አታላትሙ፤ ፊዛንት እንደ ቆቅ ነቅቶ ነው የሚኖረው፣ ሰምቶ ቀድሟችሁ ይሮጣል። ረግረጉ ላይ አዲስ በረዶ ካያችሁ አትርገጡት። ብቻችሁን ናችሁ፤ የሚያወጣችሁ የለም።

ከቤት ስትወጡ የት እንደምትሄዱ፣ መኪናችሁን የት እንደምታቆሙ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ጽፋችሁ ለአንድ ሰው ስጡ። እኔ ፍሪጅ ላይ እለጥፋለሁ፤ ባለቤቴ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ትጠብቃለች። ስልካችሁን በውስጥ ኪስ ያዙ፤ ብርድ ባትሪ ይገድላል። ለውሻዋ ውሃ አትርሱ፤ ቀኑ ቢበርድም ትጠማለች። ማታ እናንተ ከመብላታችሁ በፊት እሷን እዩ፦ በጣቶቿ መሐል፣ በጆሮዋ ውስጥ፣ በዓይኗ ዳር። እሾህ አለ፣ መዥገር አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው ውሻዋ ያለ ቃል ታምነዋለች።

ስለ ሥጋው የሚጠይቁኝ አሉ። የኦርቶዶክስ ልጆች የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ እኔም ጠይቄ የተነገረኝን ነው የማደርገው። አብሮኝ የሚሠራ ሙስሊም ወንድሜ ቃታ ከመሳቡ በፊት ቢስሚላህ ይላል። የገና ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ የእኔ አደን እዚያ ላይ ያበቃል። የያዝኩት ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። ባለቤቴ እንደ ዶሮ ወጥ ትሠራዋለች። የዱር ወፍ ነውና እግሩ ጠንካራ ነው፤ ከሱቅ ዶሮ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቁሌቱም በደንብ መብሰል አለበት።

ዳማ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የኋላ እግሯ ያማታል። ሙሉ ቀን አትችልም፤ ሁለት ሰዓት እንሄድና መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ። አፍንጫዋ ግን እንደ ድሮው ነው። ወፍ ከወደቀ አሁንም ሳትይዝ አትወጣም፤ እኔም ሳሩ ውስጥ ገብቼ በእግሬ እየገለጥኩ አግዛታለሁ። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።

ለዚያ ወጣት ትናንት ደወልኩለት። ወቅቱ የሚከፈት ቅዳሜ አብሮኝ ይመጣል። ጠመንጃ አይዝም፤ ለመጀመሪያው ቀን ዳማን ብቻ እንዲያይ ነግሬዋለሁ። ውሃ የማያስገባ ጫማ ተውሼለታለሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤቴ እንነሳለን።