ያረጀ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትጋን ሊገዛ ላሰበው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ሚኒሶታ ነህ። የሟቹ የሥራ ባልደረባህ ባለቤት የባላቸውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትጋን በ900 ዶላር ሊሸጡልህ ነው። ጎኑ ላይ «ደብልዩ ሪቻርድስ» ይላል። አንድ ሰው «የእንግሊዝ ነው፣ ብዙ ሺህ ያወጣል» ብሎሃል። አንተ ደግሞ መጀመሪያ ቀለሙን አሳድሼ ከዚያ ላስገምተው ብለሃል።

ያቺን የመጨረሻዋን ሐሳብ አሁኑኑ ተዋት። አታስወልውል፣ አታስቀባ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ ግን ከስሙ ልጀምር።

1ኛ. ላዩ ላይ የተጻፈውን ስም አትመን። ዌስትሊ ሪቻርድስ የሚባል የታወቀ የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ቤልጅጎች ያንን የሚመስል ስም እየቀረጹ ርካሽ ሾትጋን በገፍ ወደ አሜሪካ ይልኩ ነበር። የኒውዮርኩ ኤች ኤንድ ዲ ፎልሶም ከአስመጪዎቹ አንዱ ነው። በሌላው የታወቀ እንግሊዛዊ ጠመንጃ ሠሪ፣ በማንተን፣ ስምም እንዲሁ ተነግዶበታል። ስሙ የገዢን ዓይን ለመሳብ ነው። እውነቱ ያለው ከሥር ነው።

ስለዚህ ወይዘሮዋን አስፈቅድና ጠመንጃውን ክፈተው። ጥይት አለመኖሩን በዓይንህ አረጋግጥ። ከበርሜሉ ሥር ያለውን የእጅ መያዣ እንጨት ንቀል፣ በርሜሉን ከአካሉ አላቅቅና ገልብጠው። ጥይት ከሚገባበት በታች ጠፍጣፋ ቦታ አለ፤ ጠመንጃው የት ተፈትኖ እንዳለፈ የሚናገሩት ትንንሾቹ ማኅተሞች እዚያ ናቸው። በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካየህ ሊዬዥ፣ ቤልጅግ የተፈተነ ነው። ከክቡ በላይ ዘውድ ካለ ከ1893 ወዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ከዘውድ ሥር ቢ ፒ እና ቢ ቪ ካገኘህ ደግሞ በርሚንግሃም ከ1904 ወዲህ የተፈተነ ነው፤ ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን። በርሜሉ፣ አካሉና የእጅ መያዣው ብረት ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑንም እይ።

የእኔ ግምት? ቤልጅግ ነው። እኔ ብሆን ከሁለት መቶ ዶላር በላይ አልከፍልበትም።

2ኛ. አፈሙዙ ተቆርጦ እንዳይሆን። ድሮ በርሜል ረዘመብኝ እያለ በመጋዝ የሚቆርጥ ብዙ ነበር። ያልተነካ ከሆነ ሁለቱ በርሜሎች ጫፍ ላይ ይነካካሉ፣ ወይም ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም። መሃላቸው ክፍተት ካለ፣ ወይም ክፍተቱ በስታኞ ከተደፈነ፣ ጠርጥር። ርዝመቱንም ለካ። አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው 26፣ 28፣ 30 ወይም 32 ኢንች ሆኖ ነው። ከ18 ኢንች ካነሰማ ጨርሶ እንዳትነካው፤ በ1934ቱ የፌዴራል ሕግ መሠረት ልዩ ምዝገባ ያስፈልገዋል፣ ያለዚያ ያሳስራል። 12 ጌጅ (የበርሜሉ ስፋት ቁጥር ነው) ከሆነ ዳይም፣ የአሜሪካን አሥር ሳንቲም፣ አፈሙዙ ላይ አድርግ። ሳትነካ ሰተት ብላ ከገባች ያ በርሜል ጫፉ ላይ የሚጠበውን ክፍል አጥቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም ሰፊ ነው። ሽማግሌ አዳኞች የሚያደርጉት ነው። ልኬትን አይተካም፣ ሻጭ ፊት ቆመህ ግን ይጠቅምሃል።

በዚሁ ላይ፣ በርሜሉ ላይ እንደ እባብ ቆዳ የተጠማዘዘ መስመር ካየህ ዳማስከስ ነው። ብረትና አረብ ብረት አብረው ተጠምዝዘው የተቀጠቀጡበት፣ በጥቁር ባሩድ ዘመን የተለመደ አሠራር ነው። የዛሬን ጥይት እንዳትሞክርበት። የዚያን ጊዜ የአውሮፓ 12 ጌጅ ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው የ65 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው፤ ዛሬ ሱቅ የምታገኘው 70 ነው። ይገባል፣ ምንም አይልም። ሲተኮስ ግን የቀለሃው አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል፣ ግፊቱም ይጨምራል። የበርሜል ውፍረት መለኪያ ያለው ባለሙያ ሳያየው እንዳትተኩስ። ጣቶችህ ያስፈልጉሃል።

3ኛ. ቀለሙ። ይሄን ስጽፍ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

እኔ ያለሁት ኮሎራዶ ነው። አንተም እንደ እኔ ለወፍ አደን የምትፈልገው ይመስለኛል። የእኔ ኤል ሲ ስሚዝ የሚባለው የአሜሪካ ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ ፉልተን፣ ኒውዮርክ፣ ሀንተር አርምስ የሠራው። የገዛሁት የአንድ ገበሬ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ነው። ሰው ሁሉ እያየ ያልፈዋል። በርሜሉ ቡናማ ሆኗል፣ እንጨቱ ጠቁሯል። እኔ ግን ብሎኖቹን አየሁ። የካቻቪቴ መግቢያቸው አልተበላም፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ቆመዋል። ማንም ከፍቶ አልጎረጎረውም ማለት ነው። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ጌጥ ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ከጎኑ ብረት በስተኋላ ያለው የሰደፉ እንጨት፣ ስሚዝ ሁልጊዜ የሚሰነጠቅበት ቦታ፣ ምንም አልሆነም። ዝም ብዬ ከፈልኩና ይዤው ወጣሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ቆይቶ የግራ ምላጩ ሞላ ደከመና ወደ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ደረሰኙ ላይ «ሞላ ብቻ፣ ሌላ ምንም አይነካ» ብዬ አስጽፌ አስፈረምኩ። ልወስደው ስሄድ ሰውዬው ፈገግ ብሎ አዲስ የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሾትጋን ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። «አስቀያሚ ስለነበር አሳመርንልህ፤ ቀለሙን በግማሽ ዋጋ ነው የሠራንልህ» አለኝ። ክፈል እኮ ነው የሚለኝ!

አየህ፣ ዛሬ ብዙ ሱቆች የሚሠሩት ብሉዊንግ፣ ማለትም የጠመንጃ ብረት ማጥቆር፣ ብረቱን በፈላ ኬሚካል ውስጥ መንከር ነው። ለነጠላ በርሜል ችግር የለውም። የባለ ሁለቱ በርሜሎችና መሃላቸው ያለው ረጅም ብረት፣ ሪቡ፣ የተያያዙት ግን በስታኞ ነው። ያ ኬሚካል ስታኞውን ይበላዋል። ሪቡ ሥር ገብቶም ይቀራል፣ ታጥቦ አይወጣም። ብዙም ሳይቆይ ከሪቡ ጠርዝ ነጭ ዱቄት ይወጣ ጀመር፣ ከዚያ ዝገት። በርሜሉን በገመድ አንጠልጥዬ በጥፍሬ ስመታው፣ ድሮ ጥርት ብሎ ይጮኽ የነበረው አሁን ዱም ብሎ ቀረ። ሪቡ ለቋል።

ተመልሼ ስሄድ ሰውዬው ቀና ብሎም አላየኝም። «አሮጌ ዕቃ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለ። አነጋገሬን እያስመሰለ ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቅም ሰማሁት። ዝም አላልኩም። የፈረመበትን ደረሰኝ አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ የሱቁን ባለቤት ካላገኘሁ ከዚህ አልሄድም አልኩ። የቀለሙንም የሞላውንም ገንዘብ መለሱልኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቁኝም። ሪቡን እንደገና በይዶ ቀለሙን በድሮው መንገድ፣ ቀስ እያለ በማዛግና በመፈግፈግ የመለሰልኝ ሌላ ባለሙያ ጠመንጃው ከተገዛበት በላይ አስከፈለኝ። ሥራው የሚያኮራ ነው። ያም ሆኖ የድሮ ጠመንጃ ሰብሳቢ ሲያየው የመጀመሪያ ቃሉ «ተነክቷል» ነው። ዋጋውም ከግማሽ በታች ወረደ።

ያንተውንም ሌላ ሰው ቀድሞ ነክቶት እንዳይሆን እየው። ፊደላቱ ከሳሱ፣ የብረቱ ጠርዝ ከተድበለበለ፣ እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ካለ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጓል። ፋብሪካ እንጨቱን ከብረቱ በትንሹ ከፍ አድርጎ ነው የሚተወው። ቡናማ ቢሆን አትጸየፈው፤ የሚያብረቀርቅ መቶ ዓመት የሞላው ጠመንጃ ነው የሚያስፈራኝ።

ወይዘሮዋ «የባሌ አያት ከእንግሊዝ ያመጣው ነው» ቢሉህ አክብረህ ስማቸው፣ ለታሪኩ ግን ገንዘብ አትጨምር። ወረቀት ካለ ነገሩ ይለያል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ለአደን ወደ አፍሪካ ይዞት የሄደው የኤ ኤች ፎክስ ሾትጋን በ2010 ጨረታ ላይ 862,500 ዶላር ወጥቷል። የማን እንደነበረ በጽሑፍ ስለሚታወቅ ነው። ለስሚዝ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ኮዲ ከተማ ያለው የጠመንጃ ሙዚየም የፋብሪካውን መዝገብ አይቶ ደብዳቤ ይሰጣል። የእኔው 30 ኢንች ብሎ መጣ፣ ስለካውም 30 ነው። ለርካሽ የቤልጅግ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አትጠብቅ።

አሁን ገንዘብ ሳትከፍል የበርሜሉን ሥር ፎቶ አንሳ። ፍላሽ አትጠቀም፤ ማኅተሙ ጎልቶ እንዲታይ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። የአፈሙዙን ጫፍ ከፊት፣ ብሎኖቹን ከቅርብ አንሳና እዚሁ ለጥፈው። 900 ብሎ የገመተላቸው ማን እንደሆነም ጠይቃቸው። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።